መልስ የሚጠብቅ ከበሮ

ይህ የሆነው አምና ኅዳር ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ አላለፈውም፤ ግን ሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ላይ ተቀምጬ ድንገት ትዝ ካለኝ ብቻዬን እስቃለሁ። ቁልፍ ሊቀበል የቆመው እንግዳ በእሱ የሳቅኩ እየመሰለው ፊቱን ያጠቁርብኛል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል።

ሰዒድ እባላለሁ። ሸዋ ሮቢት፣ ዋናው የደሴ መንገድ ዳር ያለ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። አምና ከተለያየ አገር የተውጣጡ የሙዚቃና የጭፈራ ቡድኖች የሚሳተፉበት ዓለም አቀፍ ፌስቲቫል ወደ ከተማችን መጣ። አዲስ አበባ ስንት አዳራሽ እያለ ሮቢት ምን ሊያደርጉ መጡ ብላችሁ ከሆነ እኛም ብለናል። አዘጋጆቹ ግን ገበሬውም ነጋዴውም እንደልቡ የሚገባበት ሜዳ ነው የምንፈልገው ብለው ከከተማው ዳር የእንጨት መድረክ አቆሙ። እንግዶቹ ያረፉት እኛ ጋ ስለነበር፣ «እንግሊዝኛ ይሞክራል» ተብዬ ለአንድ ቀን የመድረክ ሰዓት ጠባቂ ሆንኩ።

ሥራው ቀላል ነው። የቡድኖቹ ቅደም ተከተል የታተመበት ወረቀት ይሰጠኛል። እያንዳንዱ ቡድን ሃያ ደቂቃ አለው። ጊዜው ሲያልቅ ከመድረኩ ጥግ ሆኜ ቀይ ጨርቅ አውለበልባለሁ፤ ያኛው ይወርዳል፣ ቀጣዩ ይወጣል። ሌላው ሥራዬ፣ ከወረደው ሰው ኮሌታ ላይ የምትሰካውን ትንሽ ማይክ ነቅዬ ለድምፅ ባለሙያው መመለስ ነው። ይቺን ማይክ አትርሷት፤ እኔ ረስቻት ነው ጉድ የሆንኩት።

ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ ህንዶች፣ ቀጥሎ የማሊ ዘፋኞች፣ ከዚያ የይፋት ቆላ የባህል ቡድን፣ ከዚያ አየርላንዶች፣ መዝጊያው ላይ ብራዚሎች ነበሩ። የሮቢት ሙቀት ደግሞ የታወቀ ነው። ገና ረፋዱ ላይ ሰው ሁሉ ያንን ያማረ ወረቀት አጥፎ ማራገቢያ አደረገው። እኔም እያራገብኩበት ሳለ ዓይኔ ይፋት ቆላ የሚለው ላይ አረፈ። ከሥሩ «መሪ፦ ኑርዬ፣ ከካራቆሬ» ይላል። ማራገቡን አቆምኩ፤ ላብ አጠመቀኝ።

ጋሽ ኑርዬ የሉባባ አባት ናቸው። ሉባባ ካራቆሬ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ፣ በሽተኛውን ከመድኃኒቱ በፊት በሳቋ የምታሽል ልጅ ናት። ልንጋባ ከተስማማን ቆይተናል። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኬያለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ጋሽ ኑርዬ ሽማግሌዎቹን በወግ ተቀብለው፣ አብልተው አጠጥተው፣ «ኸይር ነው፣ እናስብበት» ብለው ሸኟቸው። ከዚያ ወዲህ ዝም። እሺም የለ፣ እንቢም የለ። እንቢ ቢሉኝ እንኳ አንዴ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር።

እኔን በዓይናቸው አይተውኝ አያውቁም። እኔም የማውቃቸው በፎቶና በወሬ ነው። አጣዬ በተቃጠለ ጊዜ እዚያ የነበረው ቤታቸው ሲነድ ይዘው የወጡት ከበሯቸውን ነው ይባላል። ሉባባ ግን «ውሸት ነው፤ መጀመሪያ ያወጡት እኔን ነው። ለከበሮው ነው የተመለሱት» ትላለች።

ወዲያው ደወልኩላት።

«የአባትሽን ሰዓት የምጠብቀው እኔ ነኝ!» አልኳት።

«ምን?»

«ጊዜያቸው ሲያልቅ ቀይ ጨርቅ አውለብልቤ ከመድረክ የማስወርዳቸው እኔ ነኝ እኮ!»

ሳቋን ለቀቀችው። እሷም ከቡድኑ ጋር እያጨበጨበች የምትቀበል ናት፤ ያን ሰዓት ሚኒባስ ውስጥ ከአባቷ ጎን ተቀምጣ ወደ ሮቢት እየመጣች ነበር። «ወላሂ ዛሬስ ጉድ ነው» ብላ ዘጋችው።

ምን ላድርግ? ከሆቴላችን አትክልተኛ ሰፊ የሳር ባርኔጣ፣ ከአንዱ ሾፌር ደግሞ ጥቁር መነጽር ተዋስኩ። መስታወት ፊት ስቆም መንገድ የጠፋበት ቱሪስት መሰልኩ። እናቴም እንዲህ ሆኜ ብታየኝ አታውቀኝም ብዬ ተጽናናሁ።

አለቃዬ ማህሌት የምትባል፣ ከአዲስ አበባ የመጣች የመድረክ ኃላፊ ነበረች። ቆፍጣና ናት። «ሰዒድ፣ አንዱ ቡድን ከዘገየ የሚጎዱት ብራዚሎቹ ናቸው» አለችኝ። «ሳይመሽ ጉዞ ይጀምራሉ። ሰዓቱ ካለፈ ሳይጫወቱ ነው የሚሄዱት። ጨርቁ ከተውለበለበ ማንም ይሁን ማን ይወርዳል።»

«ማንም ይሁን ማን?»

«ማንም!»

ህንዶቹ ጨርቁን ሲያዩ ወረዱ። ማሊዎቹም ወረዱ፤ እንዲያውም ጎንበስ ብለው አመሰገኑኝ። ሥልጣን እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ ብዬ ነበር።

ከዚያ የይፋት ቆላዎቹ ወጡ። ወንዶቹ ሽርጣቸውን አገልድመዋል፤ ሴቶቹ ያማረ ሻሽ አስረዋል። ጋሽ ኑርዬ ረዘም ከሳ ያሉ፣ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ሽማግሌ ናቸው። ከበሮውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በሁለት እጃቸው ስለሚመቱ ትንሿ ማይክ ኮሌታቸው ላይ ተሰካች። ገና አንዴ ሲመቱ ሜዳው ተነሳ። ሽንኩርት ነጋዴው፣ የባጃጅ ሾፌሩ፣ ከማጀቴ ከነቤተሰቡ የመጣው ሁሉ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔም ሥራዬን ረስቼ ተንቀጠቀጥኩ።

ሰዓቴን ሳይ ጊዜያቸው አልቋል። ቢስሚላህ ብዬ ጨርቁን አነሳሁና ዝንብ እንደሚያባርር ሰው በቀስታ አውለበለብኩ። ጋሽ ኑርዬ አዩኝ። አንገታቸውን ነቀነቁና መምታታቸውን ቀጠሉ።

ትንሽ ጠንከር አድርጌ አውለበለብኩ። አሁን የማየት ተራው የሕዝቡ ሆነ። የጭፈራው አካል መስሎት ነው መሰል፣ አንዷ ሴትዮ ሻርፗን አውጥታ ማውለብለብ ጀመረች። ጎረቤቷ ተከተለች። ምን ልበላችሁ፣ ሻርፑም፣ ፎጣውም፣ መሀረቡም፣ ያ ማራገቢያ የሆነው ወረቀትም ተነሳ፤ ሜዳው በሙሉ ከእኔ ጋር ማውለብለብ ሆነ። ጋሽ ኑርዬ ይህን ሲያዩ ባሰባቸው።

«ሰዒድ!» አለች ማህሌት ከኋላዬ ሮጣ መጥታ። «አስወርድ አልኩህ እንጂ አስጨፍር አልኩህ?»

አማራጭ ስላልነበረኝ ባርኔጣዬን ወደ ግንባሬ ጎትቼ፣ ጎንበስ ብዬ መድረኩ ላይ ወጣሁ። ጋሽ ኑርዬ ጎን ስደርስ ከአጨብጫቢዎቹ መሃል ሉባባን አየኋት። ሳቅ አፍኗት ጭብጨባው ጠፍቶባታል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጊዜዎ አልቋል» አልኩ።

ጋሽ ኑርዬ ከበሮውን በአንድ እጃቸው እየመቱ በሌላው እጃቸው ኮሌታቸው ላይ ያለችውን ማይክ ሸፈን አደረጓት። «እንግዶቹ መች መለሱልን?» አሉኝ።

«የትኞቹ እንግዶች?»

«እነዚያ ናቸዋ!» አሉ፣ ከመድረኩ ሥር ተራቸውን እየጠበቁ የቆሙትን አየርላንዶች በአገጫቸው እያሳዩኝ። «ጠዋት ሲለማመዱ አይቻቸዋለሁ። እግራቸው ማሻአላህ ነው! እየዘፈንን እየተቀበልናቸው፣ በስማቸው እየጠራናቸው ቆመው ያዩናል። ሳይመልሱ ብንወርድ መልስ የላቸውም ብለን አዋረድናቸው ማለት አይደለም? ከባሕር ማዶ የመጣን እንግዳ እንዲህ አድርጌ ካራቆሬ በየትኛው ፊቴ ልግባ?»

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። እኛ አካባቢ ሠርግ ላይ የሙሽራይቱ ወገን ከበሮ ይዞ ደጅ ወጥቶ ይቀበላል፤ የመጣው ወገን ደግሞ በዘፈን ይመልሳል። እስኪመልስ ድረስ ከበሮ አይቆምም። ለጋሽ ኑርዬ በወረቀቱ ላይ ከእሳቸው ቀጥሎ ያለው ቡድን ቀጣይ ተራ ማለት አልነበረም፤ ደጅ የደረሰ እንግዳ ነው። ሲዘፍኑ ዝም ብዬ ስሰማቸው የነበሩት ግጥሞችም ሁሉ ለእነሱ የተገጠሙ ናቸው፦

«ከባሕሩ ማዶ የመጡ እንግዶች፣
ምነው ዝም አላችሁ ባለፈጣን እግሮች?»

ሮጬ ወረድኩና ወደ አየርላንዶቹ መሪ ሄድኩ። ቀይ ፀጉሯን የጠቀለለች፣ ቀጥ ያለች ሴትዮ ናት። የእኔ እንግሊዝኛ «ቁርስ ተዘጋጅቷል» እና «ሙቅ ውሃ አለ» ላይ ያልቃል። እንደምንም «ወደ ላይ ውጡ» አልኳት። እሷ ወረቀቷን አውጥታ በጣቷ አሳየችኝ። እነሱ ሲወርዱ ነው እኛ የምንወጣው፣ የሰው ሰዓት ላይ መግባት ነውር ነው አለች። ከላይ ያሉት እንግዳው ካልወጣ አይወርዱም፤ ከታች ያለችው ባለቤቱ ካልወረደ አትወጣም። ሁለቱም ጨዋነታቸው ነው፤ መሃል ላይ የምጠበሰው እኔ ነኝ።

ብራዚሎቹ ከነከበሮ ጋጋታቸው መጥተው ፀሐይዋን ያያሉ። ማህሌት ክንዴን ያዘችኝ።

«በቃ፣ ድምፁን አስጠፋባቸው» አለች። «ለባለሙያው ምልክት ስጠው።»

የድምፅ ባለሙያው ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ያየኛል። እጄን ባነሳ የጋሽ ኑርዬ ድምፅ ያ ሁሉ ሕዝብ ፊት መሃል ላይ ይቆረጣል። የኔም ነገር እዚያው ያበቃል። ሽማግሌዎቼ ካራቆሬ ሲሄዱ በር ተዘግቶባቸው ታየኝ።

«አልችልም» አልኩ።

«ለምን አትችልም?»

«አማቼ ናቸዋ!» አልኩ ጮኼ፤ ገና እንዳልሆኑ ረስቼ።

ማህሌት እዚያው የነበረ የስፒከር ሳጥን ላይ ቁጭ ብላ በቅደም ተከተሉ ወረቀት እራሷን ማራገብ ጀመረች።

ወደ ቀይ ፀጉሯ ሴትዮ ተመለስኩ። ውጡ ማለቱን ተውኩና ምን እየተዘፈነ እንደሆነ ልነግራት ሞከርኩ። ቃል ሲያጥረኝ እጄን አወራጨሁ፣ እግሬን ነቀነቅኩ፣ እራሴን እንግዳ አድርጌ በር አንኳኳሁ። «ይህ ዘፈን ለእናንተ ነው» አልኳት። «እንኳን ደህና መጣችሁ እያሉ ነው። መልሳችሁን ነው የሚጠብቁት። ለዚያ ነው የማይወርዱት።»

ሴትዮዋ መድረኩን አየች፣ እኔን አየች። «ለእኛ ነው እንዴ?» አለች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ያን ሁሉ ጊዜ የራሳቸውን ዝግጅት የሚያቀርቡ መስሏት በአክብሮት ዝም ብላ ቆማለች። ዘወር ብላ ለባልደረቦቿ አንድ ነገር ስትነግራቸው ሁሉም አጎንብሰው የጫማቸውን ክር ማጥበቅ ጀመሩ።

ወጡ። ከይፋቶቹ ፊት ለፊት ተሰለፉ፤ እጃቸውን እንደ ወታደር ቀጥ አድርገው ጎናቸው ላይ ለጠፉ። ጋሽ ኑርዬ ከበሮውን አቆሙ። ሜዳው ጸጥ አለ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እኛ እኮ ከወገብ በላይ ነው የምንጨፍረው! እነሱ ከወገብ በላይ ንቅንቅ ሳይሉ እግራቸው ብቻ እንጨቱን ጠቀጠቅ፣ ጠቀጠቅ፣ ጠቀጠቅ ማድረግ ጀመረ። መድረኩ ራሱ ከበሮ ሆነ። ጋሽ ኑርዬ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው እንደ ፍርድ ሰሚ አዳመጡ። እግሩ አንዴ ዝም ሲል እሳቸው ያንኑ ምት በከበሮው ደገሙት። እንደገና እግሩ መለሰ፣ ከበሮው ደገመ።

«መለሱ!» አሉ ጋሽ ኑርዬ ከበሮውን ወደ ላይ አንስተው። «ወላሂ መለሱ!»

እልልታው ደብረ ሲና ሳይሰማ አልቀረም። ይፋቶቹ እንግዶቹን አንድ በአንድ ጨብጠው፣ መርቀው፣ ያለ ምንም ጨርቅ ወረዱ። አየርላንዶቹም አንድ ሁለት ጭፈራ አሳይተው በፈቃዳቸው ወረዱ። መሪያቸው «እኛ የመጣንበትን አድርሰናል፤ የቀረው ሰዓት ለብራዚሎች ይሁን» አለች። ማህሌት ልትስማት ምንም አልቀራት።

ብራዚሎቹ ከበሯቸውን ወደ መድረኩ ሲያወጡ ማይኳ ትዝ አለችኝ። ጋሽ ኑርዬ ከመድረኩ ጀርባ ግራር ሥር ተቀምጠው ውሃ ይጠጣሉ። ሉባባና ጓደኞቿ ትንሽ ራቅ ብለው ቆመዋል። ባርኔጣዬን ጎትቼ ቀረብ አልኩ።

«አንተ ባለባርኔጣ» አሉኝ።

«አቤት ጋሼ።»

«አውልቀው፣ ሙቀቱ ይገድልሃል።»

አወለቅኩ።

«መነጽሩንም።»

መነጽሩንም አወለቅኩ። ጋሽ ኑርዬ ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። «ሰዒድ አይደለህም?»

«ከየት አወቁኝ?» አልኩ።

«ልጄ ተወልዳ ጭብጨባ ስታ አታውቅም። ዛሬ አንተ ጨርቅህን ባነሳህ ቁጥር ሳተች» አሉ።

ሉባባ ወዲያ ዞረች። እኔ ማይኳን እንዳልነቀልኩ ጨርሶ ረሳሁ። ውስጤ ያለው ፍርሃት ይሁን ደስታ አላውቅም፣ አንዳች ነገር ገፋኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ ሳይመለስልኝ አልወርድም ብለው ሰው ሁሉ አይቷል» አልኩ። «እኔም እኮ ከርሜያለሁ ስጠብቅ።»

«አንተ መች ዘፈንክና?» አሉ ፈገግ ሳይሉ። «ሽማግሌ ላክህ። ሽማግሌዎችህን አየሁ፣ አከበርኩ። አንተን ግን አላየሁ፣ ድምፅህን አልሰማሁ። ለማን ልመልስ?»

ይኸውላችሁ፣ የእኔ ድምፅ ዘይት እንዳልነካው በር ነው። ትምህርት ቤት መዝሙር ስንዘምር መምህሬ «አንተ አፍህን ብቻ አንቀሳቅስ» ይለኝ ነበር። ግን ምን ምርጫ አለኝ? ዓይኔን ጨፍኜ ለቀቅኩት፦

«ሁለቴ አንኳኩቼ ቆምኩኝ ከደጃችሁ፣
እኔም እጠይቃለሁ፣ ምነው ዝም አላችሁ?»

ከመድረኩ ወዲያ የሰማሁት ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሜዳው በሙሉ በሳቅና በፉጨት ፈነዳ። ዓይኔን ስገልጥ ኮሌታቸው ላይ ያለችው ማይክ አረንጓዴ መብራቷን እያበራች ታየኛለች። ባለባርኔጣ ከተባልኩበት ጊዜ ጀምሮ ሁሉም ነገር በእነዚያ ትልልቅ ስፒከሮች ሲተላለፍ ኖሯል። ሮቢት ሰምቷል። አየርላንድ ሰምቷል። ብራዚል ሰምቷል። ማህሌት በመድረኩ ጥግ ብቅ ብላ በሁለት እጇ ቀይ ጨርቄን እያውለበለበች ነው።

መሬት ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ደስታዬ ነበር። «መልሱን!» ይላል አንዱ ከሕዝቡ መሃል። «ጋሽ ኑርዬ፣ መልሱን!» አለ ሌላው፤ ከዚያ ሁሉም ተቀበለው።

ጋሽ ኑርዬ ቀስ ብለው ተነሱ። አገጫቸውን ወደ ማይኳ ዝቅ አደረጉ። «ሳይመልስ የሚወርድ የለም ያልኩት እኔው ነኝ» አሉ። «እንግዲህ ምን አደርጋለሁ? ሰዒድ፣ ለጁምዓ ሽማግሌዎችህን ላክ። ኢንሻአላህ አሁን ባዶ እጃቸውን አይመለሱም። አንተም አብረሃቸው ና፤ ብቻ አትዝፈን።»

የመጀመሪያውን እልልታ ያቀለጠችው ሉባባ ራሷ ናት። ያደረገችውን ስታውቅ በሻርፗ ፊቷን ሸፈነች፤ ግን እልልታዋ ቀድሞ አምልጧታል። ብራዚሎቹ እልልታው ለእነሱ መስሏቸው ከበሯቸውን አነሱ፤ ዝግጅታቸው እንዲህ ተጀመረ። እኔ ግን ሲጫወቱ አላየሁም። ግራሩን ተደግፌ እንደ ሞኝ እስቅ ነበር፤ ቀስ ብሎ ደግሞ እንባዬ መጣ።

ማታ ሆቴል ገብቼ አልጋዬ ላይ ጋደም ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መድረኩ ላይ ሳናግራቸው ጋሽ ኑርዬ ማይኳን በእጃቸው ሸፍነዋት ነበር። ግራሩ ሥር ግን አልሸፈኗትም። ማይክ እንደሚሰማ በደንብ ያውቁ ነበር። ይህንን ለሉባባ ስነግራት «አሁን ነው የገባህ?» አለችኝ።

ከረመዳን በፊት ተጋባን፤ አልሐምዱሊላህ። አሁን ሮቢት ነው የምንኖረው። ጋሽ ኑርዬ ከካራቆሬ በመጡ ቁጥር ቶሎ አይገቡም። ደጅ ቆመው የበሩን መቃን በጣታቸው እየመቱ አንድ ግጥም ይጥላሉ። እኔ እስክመልስ አይቀመጡም፤ ጎረቤት ሁሉ ይህን ለምዶ መስኮቱን ከፍቶ ይጠብቃል። ድምፄ ዛሬም ያው ነው። ዘፈኔን ሳስረዝም ሉባባ ከጓዳ ቀይ ጨርቅ ይዛ ብቅ ትላለች። እሷ ታውለበልባለች፣ አባቷ «ተይው፣ ይመልስ» ይላሉ፤ እኔም እመልሳለሁ።